በአንድ አሃዝ የሳተ 38,500 ብር

ነገሩ የተጀመረው ከአንዲት ብጣሽ ወረቀት ነው።

ደሴ፣ ሙጋድ አካባቢ አንሶላና ብርድ ልብስ የምትሸጥ አክስት አለችኝ። ዕቃ የምታመጣው ከኮምቦልቻ ነው። እዚያ ያለው ጅምላ ሻጭ አዲስ ስልክ ቁጥር አወጣና በልጁ አስጽፎ በሹፌር ላከላት። ልጁ የጻፋት 7 አናቷ አጥሯል፤ ወገቧ ቀጥ ብሏል። አክስቴ 1 ብላ አነበበቻት። ወረቀቱን በኋላ አይቼዋለሁ። እውነት ለመናገር እኔም 1 ነው የምለው።

ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ኅዳር 2017። አይሱዙው ኮምቦልቻ ላይ ተጭኖ ቆሟል። ሻጩ ብሩ ካልደረሰው መኪናውን አይለቅም። አክስቴ ባለ ቁልፍ ስልኳን አነሳች። ኮዱን መታች፤ ቁጥሩን አስገባች፤ 38,500 ብላ ጻፈች። ስክሪኑ የተቀባዩን ስም አመጣ። በእንግሊዝኛ ፊደል።

አክስቴ ፊደል የቆጠረች ሴት ናት። ጋዜጣ ታነባለች። ቁርዓንም በዐረብኛው ትቀራለች። እንግሊዝኛ ግን አታነብም። ስለዚህ ሱቅ የምታግዛትን ልጅ "ማን ይላል?" አለቻት። ልጅቷ የመጀመሪያውን ስም አነበበችላት። የሻጩ ስም ነው! ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ግን ሰኞ ገበያ መሀል ቆማችሁ ብትጣሩት አሥር ሰው ዞር ይላል። የአባቱን ስም ማን ይጠይቃል? መኪና ቆሞ እየጠበቀ። አክስቴ "እሱ ነው" አለችና አጸደቀች።

ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ሻጩ በድሮው ቁጥሩ ደወለ። "እትዬ፣ ኧረ ብሩስ?"

አገልግሎቱን የሚሰጠውን ድርጅት አልጠራም። በስልክ ቁጥር ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱት ዛሬ ብዙ ናቸው፤ እኔ እስካየሁት ድረስ በዚህ ጉዳይ አንዱ ከሌላው እምብዛም አይለይም።

አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮው በር ላይ ነበርን። የጦሳ ተራራ ጉም ገና አልተነሳም። ያስተናገደችን ልጅ ትሑት ናት። ወንበር ሰጠቻት፤ ሰማቻት፤ ኮምፒውተሯ ላይ አየች።

"እናቴ፣ ብሩ ደርሷል። ቁጥሩን ያስገቡት እርስዎ ነዎት። ተቀባዩ ካልፈቀደ እኛ መልሰን ማምጣት አንችልም።"

"ተቀባዩ ማነው ታዲያ? ልለምነው።"

"ያን መናገር አይፈቀድልኝም። የደንበኛ ምስጢር ነው።"

"እሺ ቢያንስ አግዱት፤ እንዳያወጣው።"

"ያለ ትዕዛዝ አይታገድም። የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይ የፖሊስ ደብዳቤ ያምጡ።"

ልጅቷ እዚያው ሆና ወደ ቁጥሩ ደወለችልን። ዝግ ነው። ፎርም ሞላን፤ ወጣን።

በልጅቷ አልፈርድም። ላኪው "ተሳስቻለሁ" ባለ ቁጥር ብር የሚመለስ ቢሆን አክስቴ ራሷ በሳምንቱ ሱቋን በዘጋች። ብርድ ልብሱን ይዞ ከሄደ በኋላ "በስህተት ነው የላክሁት፣ መልሱልኝ" የሚል ደንበኛ አይጠፋም። የተላከ ብር እንደዋዛ አለመመለሱ ነጋዴውን የሚጠብቅ ነገር ነው። የከነከነኝ ሌላ ነው። "ቁጥሩን ያስገቡት እርስዎ ነዎት" የምትለዋ። እውነት ናት፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለችም።

ስሌቱን ተመልከቱት። 09 ካልን በኋላ የሚቀሩት 8 አሃዞች ናቸው። በ8 አሃዝ 100 ሚሊዮን የተለያየ ቁጥር መሥራት ይቻላል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ደግሞ ከ80 ሚሊዮን አልፈዋል። ድሮ መስመሩ ጥቂት በነበረበት ዘመን ቁጥር ከሳታችሁ "የደወሉት ቁጥር የለም" ትባሉ ነበር። ዛሬ በአንድ አሃዝ ስትስቱ ባዶ ሜዳ ላይ አትወድቁም። ሰው ላይ ነው የምትወድቁት። ሰውየው ደግሞ በአብዛኛው ብር መቀበያ አለው። ቴሌብር ብቻውን ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ይቆጥራል። ስልክ ቁጥር የተሠራው ለመደወል ነው። ተሳስተህ ብትደውል "ይቅርታ" ብለህ ትዘጋለህ፤ አለቀ። ያንኑ ቁጥር ወስደን የካዝና ቁልፍ ስናደርገው ስህተቱ የሚያስከፍለው ዋጋ ተለወጠ፤ ቁጥሩ ግን እንደነበረ ቀረ።

መላ የሌለው ነገር ቢሆን ዝም እል ነበር። መላው ግን ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ሃንስ ፒተር ሉን የሚባል የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ሰው በ1954 እ.ኤ.አ. የፈጠራ ማመልከቻ አስገባ፤ ፈቃዱን በ1960 አገኘ። ሐሳቡ ቀላል ነው። በቁጥሩ መጨረሻ አንድ ጠባቂ አሃዝ ትጨምራለህ። ከዚያ ከቀኝ ጀምረህ አንዱን እየዘለልክ አንዱን አሃዝ እጥፍ ታደርጋለህ፤ እጥፉ ከ9 ከበለጠ 9 ትቀንስለታለህ፤ ሁሉንም ትደምራለህ። ድምሩ በ0 ካላለቀ ቁጥሩ ስህተት ነው። በአክስቴ ወረቀት ላይ ያለችውን 7 በ1 ብትተካት ድምሩ እንደ ቦታዋ በ6 ወይ በ3 ይጎድላል። በ0 አያልቅም። ማሽኑ እዚያው "ቁጥሩን እንደገና ይዩት" ይላል። ይህ ዘዴ ማንኛውንም የአንድ አሃዝ ስህተት ይይዛል።

አሁን ስልካችሁን አንሱና *#06# ብላችሁ ምቱ። የሚመጣው 15 አሃዝ የቀፎው መታወቂያ ነው። የመጨረሻዋ አሃዝ ይህችው የሉን ጠባቂ ናት። የባንክ ካርዶች ላይም አለች። ቀፎው ለራሱ ቁጥር ዘበኛ አለው፤ 38,500 ብር የሚላክበት ቁጥር ግን የለውም። ስልክ ቁጥራችን ላይ ዛሬ ተነስቶ አንድ አሃዝ መጨመር እንደማይቻል አውቃለሁ። ቢሆንም "ስህተቱ የእርስዎ ነው" ከማለት በፊት ይህችን ማስታወስ ደግ ነው።

ወደ አርብ ልመለስ። ከቢሮው ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። መርማሪው ሰውዬ ጨዋታ አዋቂ ነው። "እናት፣ አስፈራርቶ ወሰደብዎ?" "አይ።" "አታልሎ?" "አይ፣ አላውቀውም።" "እንግዲህ እጅዎ ከሳተ ይሄ ፍትሐ ብሔር ነው። ፍርድ ቤት ይሂዱ።"

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ አዛውንት ነበሩ። ወረቀታቸውን አመቻቹ። "ከሳሽ" ብለው የአክስቴን ስም ጻፉ። "ተከሳሽ ማን ልበል?" አሉ።

አክስቴ ብጣሿን ወረቀት ሰጠቻቸው። አገላብጠው አዩዋት። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ስልክ ቁጥር አይከሰስም እቴ።"

እውነታቸውን ነው። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የምንሠራበት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ቁጥር 222 ላይ፣ ክስ የተከሳሹን ስምና አድራሻ መያዝ አለበት ይላል። ያለ ስም መጥሪያ ለማን ይደርሳል? ሕጉ ሲጻፍ ባላጋራ ማለት የሚታወቅ ሰው ነበር። ጎረቤት ነው፤ ተበዳሪ ነው፤ ድንበር የገፋ ነው። ስሙን የማታውቀው፣ ፊቱን ያላየኸው ሰው በሦስት ሰከንድ 38,500 ብርህን ይቀበላል ብሎ ማን አሰበ?

እንግዲህ ክቡ ይኸውላችሁ። ቢሮው ትዕዛዝ አምጡ ይላል። ትዕዛዙን የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ ስም አምጡ ይላል። ስሙ ያለው ቢሮው ጋ ነው።

ለጠበቃ ጓደኛዬ ደወልኩለት። መውጫ አለው አለኝ። ድርጅቱን ራሱን ከስሳችሁ፣ የተቀባዩን ማንነት እንዲገልጽ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ትችላላችሁ። ከዚያ ሰውየውን ወደ ክሱ ታስገባላችሁ። "ስንት ጊዜ ይፈጃል?" አልኩት። ሳቀ። አክስቴ በዚያ ሳቅ ውስጥ የጠበቃውን፣ የዳኝነቱንና ሱቅ ተዘግቶ የሚዋልበትን ቀን ሁሉ ሰማችው መሰለኝ። "ተወው ልጄ" አለችኝ።

ማታ ግን አንድ ነገር መጣልኝ። የተሳሳተውን ቁጥር የራሴ ስልክ ላይ አስገባሁና ብር እንደሚልክ ሰው ቀጥል አልኩት። ስሙ ወጣ። ከነአባቱ። ጠዋት "የደንበኛ ምስጢር" የተባለው ስም ማታ ሶፋ ላይ ተቀምጬ በነጻ አየሁት! ሰርዝ የምትለዋን ነክቼ ወጣሁ። አገር ምድሩ ሊያየው የሚችለው ስም ለባለ ጉዳይዋ ብቻ ነው የተደበቀው። አድራሻው ያው የለም። ግን ቢያንስ ሰውየው ሰው ሆነ።

እዚህ ላይ መጋቢት 2016ን ላስታውሳችሁ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛባ። ሰዎች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንደ ሰደድ ሄደ። ያን ሰሞን ኮምቦልቻ ነበርኩ፤ ቡና ቤት በተገባ ቁጥር ከዚህ ሌላ ጨዋታ አልነበረም። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፤ ሲስተም ሲሻሻል የተፈጠረ ችግር ነው አለ። የጎደለው ወደ 801 ሚሊዮን ብር ነበር። ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ሦስት አራተኛ የሚሆነው መመለሱን ባንኩ ተናገረ። ያልመለሱትን ደግሞ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን፣ ስማቸውን ከነፎቷቸው ለጠፈ።

በዚያው ወር፣ መጋቢት 26፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁን አጸደቀ። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ማለት እሱ ነው። የአንድ ወር ሁለት ገጽ።

ባንኩ ገንዘቡን ማስመለሱን አልነቅፍም። የሕዝብ ገንዘብ ነው። የሚገርመኝ ሚዛኑ ነው። ሁለቱም ጉዳዮች ከላኪው በኩል በተፈጠረ ስህተት የመጡ ናቸው። አዎ፣ እዚያ ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው ያወጡት፤ እዚህ ተቀባዩ ጣቱን አላነሳም። ለወንጀል ሕግ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። "ያልተገባ ብር ይመለስ" ለሚለው ጥያቄ ግን አክስቴም ባንኩም እኩል ባለ መብት ናቸው። የተሳሳተው ባንክ ሲሆን ስም ከነፎቶ ግድግዳ ላይ ወጣ። የተሳሳተችው አክስቴ ስትሆን ስም ምስጢር ሆነ። የመረጃ ጥበቃ ሕግ እንዲህ ሊሠራ አልወጣም። ፍርድ ቤት ሲያዝ መረጃ ይሰጣል፤ መንገዱ አለ። የጎደለው አቋራጩ ነው። "ስሙን አንነግርሽም፤ ግን እኛው ሰውየውን እናገኘዋለን፤ እስከዚያው ብሩን ለጥቂት ቀን እንይዘዋለን" የሚል አሠራር።

ኬንያ ውስጥ ይህ አለ። በስልክ ብር የሚልክ የኤምፔሳ ደንበኛ በስህተት ወደ ሌላ ቁጥር ከላከ የደረሰውን መልእክት ወደ 456 ያስተላልፋል። ብሩ ገና ካልወጣ ይያዝና ተቀባዩ ይጠየቃል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባንኮች የጻፍከውን ስም ከሒሳቡ ባለቤት ስም ጋር ያመሳክራሉ። ካልገጠመ ከመላክህ በፊት ያስጠነቅቁሃል። ልዩነቱን አያችሁት? እዚያ ስሙን የምትጽፈው አንተ ነህ፤ ማሽኑ ያመሳክርልሃል። እዚህ ማሽኑ ስም ያሳይሃል፤ የማመሳከሩ ሥራ ያንተ ነው። ማንበብ የማትችለው ፊደል ከሆነ ደግሞ ያው ነው፤ እንዳላሳየህ ቁጠረው።

የፊደሉ ነገር መጀመሪያ ተራ ነገር መስሎኝ ነበር። እሁድ ዕለት ነው የገባኝ።

እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ አክስቴ ለስንተኛ ጊዜ እንደሁ እንጃ ደወለች። ጠራ። የሽማግሌ ድምፅ ነው።

"አቤት ልጄ! ደህና ነሽ ወይ? ብሩ ደርሷል፤ አላህ ይስጥሽ፣ አላህ ይጠብቅሽ!"

አክስቴ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና አየችኝ። ከዚያ መለሰችው።

"አባባ፣ ልጅዎ አይደለሁም።"

ሰውየው ሐይቅ ከተማ አካባቢ፣ ከከተማው አንድ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ገጠር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው አረብ አገር ናት። በየእሁዱ ትደውላለች። ስልካቸውን የሚከፍቱት ለእሷ ነው፤ ሌላ ቀን ባትሪ ለመቆጠብ ዝግ ነው። አርብ ለጁምዓ ሐይቅ ሲገቡ ስልኩን ሱቅ ላይ ቻርጅ አስደረጉ። መልእክቱን ያኔ አዩት። እኛ ያን ሰዓት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ነበርን።

ሰኞ ደሴ መጡ። መናኸሪያው አጠገብ ያለች ሻይ ቤት ተቀመጥን። ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ፣ ስልኩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ኪስ ውስጥ። አብረዋቸው የሰፈራቸው ሸህና ስምንተኛ ክፍል የሚማር የጎረቤት ልጅ አሉ። ልጁ ነው መልእክቱን ያነበበላቸው። እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። መልእክቱ ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ ነው። የብሩ መጠን፣ ከዚያ የአክስቴ ስም ከነአባቷ፣ ከዚያ ረጅም የማመሳከሪያ ቁጥር።

"ስሙን አንብበህላቸው ነበር?" አልኩት።

"የሴት ስም ነው አልኳቸው" አለኝ።

አረብ አገር ያሉ ልጆች ብር የሚልኩት ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው በኩል ነው። ዛሬ በአንዷ፣ ነገ በሌላዋ። ስለዚህ የማያውቋት ሴት ስም መሆኑ አባትየውን አላስጠረጠራቸውም። እዚህ የሱቅ ልጅ የመጀመሪያውን ስም ብቻ አነበበች። እዚያ የስምንተኛ ክፍል ልጅ "የሴት ነው" አለ። አክስቴም ሽማግሌውም አማርኛ የሚናገሩ ናቸው። ስማቸው በአማርኛ ነው፤ አገሩ የአማርኛ ነው። በመካከላቸው ያለው ማሽን ብቻ ነው በሌላ ፊደል የሚጽፈው።

ከ38,500ው ውስጥ 24,000 ስልኩ ላይ አለ። 14,500 ወጥቷል። 6,000 ለማዳበሪያ ዕዳ ተከፍሏል። በ8,500 በግ ተገዝቷል። ቅዳሜ ታርዶ ለልጅቱ ዱዓ ተደርጎበታል። ጎረቤት ተሰብስቦ በልቶታል።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ለሕግ ተማሪ ፈተና የሚሆን። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። (የሉን ጠባቂ አሃዝ ፈቃድ ያገኘችውም በዚያው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱ እኩዮች ናቸው፤ ብር የምንልክበት ቁጥር ላይ ግን አንደኛው ብቻ ነው ሥራ ላይ የዋለው።) ቁጥር 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላ ሰው ሀብት የተጠቀመ ይካስ ይላል። ቁጥር 2164 የማይገባውን የከፈለ ሰው የከፈለውን ማስመለስ ይችላል ይላል። እስከዚህ አክስቴ ባለ መብት ናት። "ቁጥሩን ያስገቡት እርስዎ ነዎት" የሚል ቃል እዚያ የለም። ስህተቱ የራስህ መሆኑ ብርህን አያስቀርብህም።

ቁጥር 2163 ግን ገደብ ያስቀምጣል። ተቀባዩ ሲጠየቅ ጥቅሙ እጁ ላይ ከሌለ፣ በሌለው መጠን አይመልስም። ይህ የሚሠራው በቅን ልቦና ለነበረ ነው። ብሩን በክፉ ልቦና ያጠፋ፣ ወይም መመለስ እንደሚኖርበት ማወቅ የነበረበት ሰው መክፈሉ አይቀርም።

አሁን በጉንና ዕዳውን ለዩዋቸው። ማዳበሪያው ዕዳ ነው፤ ሰውየው በየትኛውም መንገድ ይከፍሉት ነበር። ስለዚህ 6,000ው ጠፋ አይባልም። ከኪሳቸው ሊወጣ የነበረ 6,000 ብር ተርፎላቸዋል፤ ጥቅሙ ዛሬም አለ። በጉ ግን ተበልቷል። በዚያ ብር የተነሳ ብቻ የመጣ ወጪ ነው፤ ብሩ ባይገባ አያርዱም ነበር። ሰውየው የልጄ ነው ብለው አምነዋል፤ ለማመንም ምክንያት ነበራቸው። እኔ ዳኛ ብሆን 6,000ውን አስከፍላለሁ፤ በጉን አላስከፍልም። ጠበቃ ጓደኛዬ አይስማማም። "ማስነበብ ነበረባቸው" ይላል። ማስነበቡንማ አስነብበዋል፤ አንባቢው ስምንተኛ ክፍል ሆነ እንጂ።

ይህን ሁሉ በሆዴ ሳወጣ ሳወርድ አክስቴ ቀደመችኝ።

"የበጉን አልቀበልም" አለች። "ለዱዓ የታረደ ነው። አውፍ ብያለሁ።"

"አይሆንም" አሉ ሽማግሌው። "የሰው ሐቅ ነው። ወላሂ አልበላም።"

"በልተዋላ አባባ!" አለች። ሸሁ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ ሽማግሌውም ሳቁ።

የቀረው በሸሁ አለቀ። በደብተር ቅጠል ላይ ተጻፈ። 24,000ው ዛሬ ይመለሳል። 6,000ው በሦስት ወር በሦስት ይከፈላል። የበጉ በአውፍታ ቀርቷል። አክስቴ ፈረመች፤ ሽማግሌው አሻራ አደረጉ። ሕጉን ያላነበቡ ሦስት ሰዎች ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ቁጥር 2163 የሚያዘውን ሠሩት። ጉድ ነው! ግን ይህን "ሽምግልና ይበቃናል" ለሚሉ ሰዎች ድጋፍ አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ። ስልኩን ያነሱት ሰው ሌላ ቢሆኑ ሸህ አይኖርም፤ ሻይ ቤት አይኖርም። የተቆለፈ ስልክና ያ ክብ ብቻ ነው የሚቀረን። አክስቴን የረዳት እድሏ ነው።

24,000ውን ወደዚያው ቢሮ ሄደን አስላክን። ያቺው ትሑት ልጅ ነበረች። አክስቴ ቁጥሯን አንድ አንድ አሃዝ እያለች ጠራችላት፤ ልጅቷም እንደገና አነበበችላት። ሽማግሌው የ6,000ውን ክፍያ ግን በስልክ አልልክም አሉ። ሦስቱንም ጊዜ ከሐይቅ በሚኒባስ መጥተው በእጃቸው ሰጧት። በሦስተኛው ጊዜ ልጃቸውን በስልክ አገናኟት፤ ለግማሽ ሰዓት አወሩ። ከቢሮው ለሞላነው ፎርም መልስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። "ተቀባዩን ማግኘት ስላልቻልን ይቅርታ እንጠይቃለን" ይላል።

ባለፈው ሳምንት ሱቋ ሄጄ ነበር። ለኮምቦልቻው ሰውዬ ልትልክ ነው። አንድ ብር ላከች። ደወለች። "ደረሰ?" አለችው። ደርሷል አላት። "ስንት ደረሰህ?" አለችው። አንድ ብር አላት። ከዚያ የቀረውን ስትልክ ስክሪኑ ስሙን አመጣ። ወደ እኔ አዞረችልኝ።

"አንብብልኝ። የአባቱንም።"